ሱሩር በመቶ ሃያ አራተኛው ፎቅ ያፈጠሩ ዕለት

ሱሩር ቢን ጋኒም በወጣትነታቸው ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ይጠልቁ ነበር። ዱባይ ያንን በርዝመቱ በዓለም አቻ የሌለውን ፎቅ ስታቆም፣ ከግቢያቸው ሆነው ዓመት ከዓመት ሲያድግ አዩት፤ ሊወጡት ግን አልፈለጉም። ልጃቸው ዓፍራ እዚያው ጎብኚ አስተናጋጅ ሆና ስትቀጠር ጭራሽ አኮረፉ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል አልጠየቋትም።

ፎቁ ከተመረቀ ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ሲገባ፣ ከሰማንያኛው ፎቅ በላይ ያለ ጾመኛ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ እንዲያፈጥር ሼኾቹ መናገራቸውን በራዲዮ ሰሙ።

"ፀሐይም ለሀብታም ትዘገያለች በሉኛ!" ብለው ሳቁ።

ባለቤታቸው ሙዛ የሐሪሱን ስንዴና ሥጋ እያማሰለች፣ "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ተቀምጠህ ከምትፈርድ ሄደህ አታይም? ልጅቷ ስትለምንህ ከረመች" አለቻቸው።

በማግስቱ ሄዱ። ዓፍራ ሊፍት አሳፍራ መቶ ሃያ አራተኛው ፎቅ አወጣቻቸውና መስኮቱ ሥር አቆመቻቸው። ከታች ከተማው መብራት ማብራት ጀምሯል። ወዲያው ሙዛ ከቤት ደወለች።

"አዛን ብሏል፤ እኛ አፍጥረናል።"

ሱሩር ለማፍጠሪያ የያዙትን ተምር ወደ አፋቸው ሲሰዱ ዓፍራ እጃቸውን ያዘች። "አባባ፣ ይቆዩ! እዚያ ይዩ።"

የፀሐይዋ ቀይ ጠርዝ ገና ባሕሩ ላይ ነበር። ሱሩር ተምሩን ዝቅ አደረጉ።

"ሙዛ፣ ያቺ እናንተ ዘንድ የጠለቀችው ፀሐይ እኔ ፊት ቆማለች።"

"ታዲያ ጹማ! ማን ውጣ አለህ?"

"አንቺ ነሻ!"

ስልኩን ዘግተው ወደ ባሕሩ አፈጠጡ። በየዓመቱ አራት አራት ወር በጀልባ የከረሙበት፣ ወንድማቸው ጠልቆ ያልተመለሰበት ውኃ ከዚህ ሲታይ ዝም ያለ ነው። ቦታውን በጣታቸው አሳዩዋት። ስለዚያ ወንድማቸው ለዓፍራ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ይኼን ሁሉ በየቀኑ ታያለሽ?"

"በየቀኑ።"

"አልነገርሽኝም።"

"አልጠየቁኝማ፣ አባባ።"

ፀሐይዋ ገባች። ተምሩን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጧት፤ አብረው አፈጠሩ።

ሊፍቱ ቁልቁል ሲወርድ ዓፍራ ፊቷን አጨማደደች፤ ከተቀጠረች ጀምሮ በወረደች ቁጥር ጆሮዋን ያማታል።

"አፍንጫሽን ያዢ፣ አፍሽን ግጠሚና ቀስ ብለሽ ንፊ" አሏት። "መውጣቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ መውረድ ግን የኔ ሥራ ነበር።"

ነፋች፤ ጆሮዋ ጧ ብሎ ተከፈተ። ቤት እስኪደርሱ ድረስ ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት አመሹ፤ ሐሪሱም ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።