ትንፋሻቸው እስኪመለስ

የአምስት ኪሎ ሜትሩን ሩጫ ጨርሼ ከመንገዱ ዳር እንደተቀመጥኩ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት አጠገቤ ዘፍ አሉ። የሩጫ ቁጥራቸውን በሹራብ ሸፍነውታል። ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው የልባቸውን ምት ያዳምጣሉ፤ ከአንገትጌያቸው በታች የቀዶ ጥገና ጠባሳ ብቅ ብሎ ይታያል።

«አጀማመሬ ነው ጉድ ያደረገኝ» አሉኝ እያለከለኩ። «ከጎረምሶቹ እኩል ልሁን ብዬ! ሩጫም እንደ ትዳር ነው ልጄ፤ መጀመሪያ ላይ የተንገበገበ መሀል ላይ ይቀመጣል።»

ሳቅን። ወዲያው ስልካቸው ጠራና ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። «ልጄ ናት። ገበያ ደርሼ ልምጣ ብያት ነው የወጣሁት።»

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሲጠብቁ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እንደገና ሲጠራ አነሱት።

«እማዬ፣ የት ነሽ? ይሄ የሚጮኸው ማይክ ምንድን ነው?» የልጅቷ ድምፅ ለእኔም ይሰማል።

አንድ ሰበብ ሊፈጥሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ሮጥኩ» አሉ በመጨረሻ። «ሐኪሙ ቀስ እያልሽ ሞክሪ ብሎኛል። የፈራሁት አንቺን ነው።»

ሴትየዋ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ። «ምንም አትልም እኮ!» አሉኝ እንባ አቅርረው።

ቆይቶ ከስልኩ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ። «ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

ዞር ብለው መንገዱን አዩት። አንድ ሰው ብቻውን እያነከሰ ይመጣል።

«ከኋላዬ ሰው አለ» አሉ ቀና ብለው።