ለመርዶ ነጋሪው ያልነገርነው

አባቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በላውንደሪውና በመርዶ ነጋሪነቱ። የመጀመሪያው ይገባኛል። ፈረንጅ አገር መጥቶ፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ፣ ስንት ዓመት ፓርኪንግ ሲሠራ ኖሮ፣ በመጨረሻ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የደከመ ላውንደሪ ገዝቶ ነፍስ የዘራበት ሰው ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ሃይስኩል ስገባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን አጠገብ ሁለተኛውን ከፈተ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሸሚዞች የሚተኩሰው ራሱ ነበር። እኔንና ወንድሜን ቅዳሜ ቅዳሜ እየጎተተ ወስዶ የወለቀ ቁልፍ ያሰፋናል። «ሰውየው አልጠየቀህም እኮ!» ብዬ ስነጫነጭ፣ «ዓይኔ እያየ ደረቱን ከፍቼ አልሰድደውም» ይላል።

ለመርዶ ነጋሪነቱ ግን ማንም አልሾመውም። በዚህ አካባቢ ያለ ሐበሻ አገር ቤት እናቱ ሲሞቱበት ከተማው ሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ መጨረሻ የሚሰማው ባለ ሐዘኑ ነው። ያን ጊዜ የሚደወለው ለአባቴ ነበር። ለምን እሱ እንደሆነ እማዬን ስጠይቃት «ከባለ ሐዘኑ ቀድሞ ስለማያለቅስ ነዋ» አለችኝ።

የራሱ ሕግ ነበረው። መርዶ ቅዳሜ ማለዳ ነው እንጂ በሥራ ቀን አይነገርም። ቤቱ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ለታመመ ሰውማ በፍጹም። «መጀመሪያ ይነሳ፤ ለለቅሶው ይደርስበታል» ይል ነበር።

አንዴ ዊተን የምትኖር የገዛ ሠራተኛው እናቷ ሞቱባት። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ሸሚዝ ሲተኩስ፣ ሲያስቃት ከረመ። ቅዳሜ ማለዳ ከቸርች ሽማግሌዎች ጋር በሯን ሲያንኳኳ እኔም ነበርኩ፤ ስትወድቅ እንድይዛት ነው የወሰደኝ። በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው በሱፍና በጥቁር ክራቫት ስታየው ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ከብዙ ጩኸት በኋላ «ጋሼ፣ እያወቁ ነው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቁኝ የከረሙት?» አለችው። አንገቱን ደፋ። መኪና ውስጥ ስንገባ «ጨካኝ ነህ» አልኩት፤ ምላሴ አያርፍም። «አንድ ሳምንት እንቅልፍ ሰጠኋት» ብሎ መለሰልኝ።

አባቴን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ሥራ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ሸብቶም «እቴቴ» ነው የሚላት። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ አዲስ አበባ ሳይደውልላት ምሳ አይበላም። ጨዋታቸው ስድብ ነው። «አንተ ዱርዬ!» ብላ ትጀምራለች፤ «አንቺ አሮጊት» ይላታል። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ፤ በዚያም ይነታረካሉ፣ ግን በሳቅ ነው።

የተጣሉት በአያቴ ተዝካር ነው። እናታቸው በሞተች በዓመቷ አክስቴ «ናና አብረን እናውጣላት» አለችው። እሱ ደግሞ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «እምነቴ አይፈቅድም፤ ለሞተ ሰው ድግስ ምን ይሠራለታል?» አላት። በእናቷ መጣባት። «እንግዲያው እናትም የለህ፣ እህትም የለህ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እሱም ግትር ነው። «ራሷ ትደውል» ብሎ ሁለት እሁድ ዝም አለ። በሦስተኛው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ሱቁ ውስጥ፣ ሸሚዝ እየተኮሰ፣ ወደቀ። ልቡ ነው። ያኑ ቀን ኦፕራሲዮን ገባ።

እሱ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አዲስ አበባ አክስቴ ሞተች። ደም ግፊት ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ አልተኛችም።

ውድብሪጅ ያለው ወንድሜ፣ እዚህ የተወለደው፣ «ዊ ሃቭ ቱ ቴል ሂም፤ ልንነግረው ይገባል። እህቱ ናት እኮ!» አለ። የጮህኩበት እኔ ነኝ። «አንተ ምን ታውቃለህ? ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም! የራሱ የአባዬ ሕግ ነው» አልኩት። እማዬ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹም «ልጅቷ ልክ ናት» አሉ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ምነው በተከራከረኝ!

አባቴ ቤት ከገባ በኋላ አልተነሳም። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ ቢባልም ልቡ እየደከመ ሄደ። እኛም «ትንሽ ይበርታ» እያልን ሳምንቱን በሳምንት ገፋነው። እሁድ ሲመጣ «እስቲ እቴቴ ጋ ደውይልኝ» ይለኛል፤ ለካ ግትርነቱ ሆስፒታል ቀርቷል። አንዴ መስመር የለም አልኩት። አንዴ ክፍለ አገር ለቅሶ ሄዳለች አልኩት። አንዴ ስልኳ ተሰርቋል አልኩት። እሱ ግን ከውሸቴ ሁሉ የተረዳው ሌላ ነገር ነው። «አይ፣ አትሸፍኚላት» አለኝ፤ «ስልኬን አላነሳ ብላ ነው። ቂም ይዛብኛለች።»

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሽማግሌዎቹ የጌታ እራት ይዘውለት ቤት መጡ። ትራስ ደግፈን ቁጭ አደረግነው። ትንሿን ጽዋ ሲያቀርቡለት በእጁ መለሳት። «ከእህቴ ጋር ተኳርፌ አልወስድም» አለ። «መጀመሪያ ልታረቃት። አስታርቁኝ።» እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች እህቱ ከሞተች ሁለት ወር እንዳለፋት ያውቃሉ። ከሱ ጋር ስንት በር ያንኳኩ ሰዎች ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንዳቸውም አልነገሩትም። አንደኛው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ወጥ ቤት ሮጬ ገብቼ ፎጣ በአፌ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ያኔ ወጥቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ልቡ በእጄ ላይ ቀጥ ይላል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ስቄ ገባሁ። «አባዬ፣ እቴቴን አገኘኋት!» አልኩት።

ቀና አለ። እንደዚያ ቀና ሲል ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

«ምን አለች?»

«ይቅር ለእግዚአብሔር ብላለች። ቂም የለኝም፣ እወደዋለሁ ብላለች።»

«ሳትሰድበኝ?» አለኝ።

ስድቧ ትዝ ሳይለኝ ቀረ። ሕይወቴን ሙሉ ስሰማው ከኖርኩት ሁሉ አንድ «ዱርዬ» ጠፋብኝ።

«እሷ አይደለችም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ እኔን ለማስደሰት ነው። ግድ የለም ልጄ። ራሷ ትደውል፤ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ከትራሱ ሥር አላወጣውም። በጮኸ ቁጥር በእጁ እየዳበሰ ይፈልገዋል፤ የፋርማሲ ሰው ይሆናል፣ የኢንሹራንስ ሰው ይሆናል። ሌላ እሁድ ሳይደርስ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ እግሩን ይዛ እኔ እጁን ይዤ ሳለን «ደወለች?» አለኝ። «ትደውላለች አባዬ» አልኩት። የጌታን እራት ሳይወስድ፣ ሳይታረቅ ሄደ።

ከቀብሩ በኋላ አዲስ አበባ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እሷም ለቅሶ ላይ ነበረች፤ አንድ ላይ አለቀስን። ትንሽ ረገብ ሲልልን «የእናቴን መርዶ ነግራችሁት ነበር?» አለችኝ።

«አልነገርነውም። ታሞ እንዴት ይነገረዋል?»

«እኛም እሱ ኦፕራሲዮን መሆኑን አልነገርናትም ነበር» አለችኝ። «ደም ግፊት አለባት፣ ትደነግጣለች ብለን። በሦስተኛው እሁድም ሳይደውል ሲቀር፣ ‹እኔው ልደውልለት፣ ያ ዱርዬ አኩርፎኝ ሊቀር ነው› ብላ ተነሳች። ብትደውል ሆስፒታል መሆኑን ትሰማለች ብለን ስልኩን ደበቅንባት። ስትፈልገው፣ ስትፈልገው ሰነበተች።»

ይህን ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እሷም ደም ግፊት አለባት።