የሙከራ ባትሪ

የመረጥኩትን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልገዛ ስል ሻጩ ባትሪውን ነቅሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

"ይሄ የሙከራ ነው ጋሼ። የእርስዎ ካርቶኑ ውስጥ አለ።"

ነገሩ የሆነው ዛሬ ሀይ ጀላባ ሰፈር፣ አንድ አበሻ ብስክሌት ሱቅ ውስጥ ነው። ሦስት የተራራ ብስክሌቶች ሞክሬ ሦስቱም ጉድጓዱን እንደ አስፋልት አለፉት። ለካ በሦስቱም ላይ የተገጠመው ያው አንድ ባትሪ ነበር!

"በካርቶኑ ባትሪ ልሞክረው" አልኩ።

"አበሻ ለአበሻ እንዲህ ይጠራጠራል?"

"ግጠመው።"

ገጠመው። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያንን ክብደት በፀሐይ እየገፋሁ ተመለስኩ።

"ጋሼ፣ ኪሎዎም እኮ አለ" አለኝ።

(በመጀመሪያው ባትሪ ስነዳ ኪሎዬን የት አስቀምጬው ነበር?)

በየቀኑ ከአትላባራ ሰፈር እስከ ማንጋቴን ሰፈር ለሥራ የምመላለስበትን ነው የምፈልገው። ሳልገዛ ወጣሁ። ደካማ ባትሪን በአገር ልጅነት ሸፍኖ መሸጥ ሌብነት ነው።

እናንተስ "አበሻ ነን" ተብላችሁ ምን ገዛችሁ? ንገሩኝ።