ከእናቴ ኩራዝ የራቀ ጠርሙስ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስነሣ ከስንቄ ይልቅ የምሳሳለት አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። በውስጡ በላቦራቶሪያችን ምድጃ ግለው የነጹ ስድስት ጠርሙሶች አሉ። አምስቱ ባዶ ናቸው፤ ስድስተኛው የተጣራ ውሃ ተሞልቶ ታሽጓል። የምሄደው ታች ጋይንት፣ ወደ ተወለድኩበት መንደር ነው። ከምንጫችን በላይ የአንድ ነጋዴ የላምባ ቆርቆሮ ተቀዶ ስለፈሰሰ፣ ሰዉ ምንጩን ትቶ ገደል እየወረደ ከወንዝ ይቀዳል። እናቴም ከሚወርዱት አንዷ ናት።

ይህ ሁለተኛ ጉዞዬ ነው። ባለፈው ከምንጩ በቀዳሁት ውሃ ላይ ላምባ ተገኘ፤ ግን ከአዲስ አበባ ወስጄ ሳልከፍተው በመለስኩት ውሃም ተገኘ። ለካ ሣጥኑን እናቴ ቤት ኩራዙ ሥር አስቀምጬው ኖሯል። የላምባ ትነት በክዳን ሾልኮ ይገባል። ያየነው የምንጩን ይሁን የኩራዙን መለየት አልተቻለም። አለቃዬ በዚህ ጊዜ ኩራዝ ያለበት ቤት እንዳልገባ፣ ልብስም ሽታ እንደሚይዝ አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። አዲስ አበባ ሆኖ እሺ ማለት ቀላል ነበር።

በበቅሎ

ከደብረ ታቦር ተገኘ የሚባል ባለበቅሎ ተከራየሁ። የታሸገ ውሃ መያዜን ሲሰማ አላስችል አለው።

«ጌታው፣ ውሃ ጭኖ ወደ ምንጭ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ።

ይህ ውሃ ምስክሬ ነው አልኩት፤ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ መንገዱ አልበከለንም ማለት ነው። ንፋስ መውጫን አልፈን፣ ገብሱ ባሸተበት ማሳ ዳር ለዳር፣ በሶ በጥብጠን እየጠጣን ሦስት ሌሊት ሜዳ ላይ አደርን። አርብ ገበያ ከተማ የደረስነው በገበያው ቀን ስለነበር ላምባ ሻጮቹን ሽሽት በዳገቱ ዞርን። ያደግኩበትን የገበያ ጫጫታ ከሩቅ ሰማሁት።

ምንጩ ዘንድ

የደብሩ ቄስ መምሬ ካሴ ምንጩ አጠገብ ጠበቁኝ። እናቴን እንዲያስረዱልኝ አስቀድሜ ልኬባቸው ነበር። በእኛ አገር የዘመድን ቤት አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ የእናትን ቤትማ ስምም የለው። እሳቸው ግን አልተቸገሩም።

«የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤተልሔም ሁሉ ሰው አይገባበትም፤ ይህም እንደዚያ ነው አልኳት። ገባት» አሉኝ።

እናቴ ከጅረቱ ማዶ ቆማለች። አዲስ ጋቢ አቅፋለች።

«ልጄ፣ ጋቢው ሦስት ቀን ነፋስ መትቶታል። ጢስ የለበትም» አለችኝ።

«አልችልም፣ እማዬ።»

 መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጋቢውን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው ቅዳ። እኔ አይሃለሁ።»

ጅረቱ በአንድ እርምጃ የሚታለፍ ነበር። አምስቱን ጠርሙሶች ሞላሁ፤ ናፍቆቴ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ ጀርባዬን ሰጥቼው ተመለስኩ።

አዲስ አበባ

መሣሪያችን ውጤቱን በወረቀት ላይ በመስመር ይስላል፤ ላምባ ካለ መስመሩ እንደ ኮረብታ ይነሣል። ምስክሩ ውሃ ቀጥ ያለ መስመር ሰጠ። የምንጩም እንዲሁ። ባለፈው ያየነው የእናቴን ኩራዝ ብቻ ኖሯል። ለመምሬ ካሴ ወዲያው ጻፍኩ፤ እናቴ ከምንጩ መቅዳት እንደጀመረች መለሱልኝ።

ንጹሕ ምስክር ለማምጣት ከሚወዱት መራቅም እንዳለ ከዚህ ጉዞ ተማርኩ። ከመንደሬ ከውሃው በቀር ምንም ይዤ አልመጣሁም፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይመሰክራል። አለቃዬ የመጀመሪያውን ጉዞ የተበላሸ ወረቀት አይረባም ብለው ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። ኮረብታው ጉልህ ሆኖ ይታያል። አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ።