ለአባቴ ያላስተረጎምኩት ጥያቄ

የአባቴ ጉልበት ማበጥ ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ጉልበታቸው ሲሻላቸው ቁርጭምጭሚታቸው፣ እሱ ሲተዋቸው ደግሞ የእጅ አንጓቸው ይነሳል። የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ ከወንድሜ ጋር ነው፤ እኔ ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ሐኪም ቤት ሲኬድ ግን አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ወንድሜ እንግሊዝኛ አንሶት ሳይሆን ትዕግሥት ስለሌለው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በአስተርጓሚነቴ እኮራ ነበር።

በቀጠሯቸው ቀን ሐኪም ቤቱ ወዳለበት ወደ እኔ ሰፈር ሳመጣቸው ሁለት ጊዜ መኪና አስቆሙኝ። "እግሬን ላፍታታ" ይሉና ነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ገብተው ይቆያሉ። ቀበቷቸው ላይ በቢላ የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። አይቼም ሬዲዮ ከፈትኩ።

የመገጣጠሚያ ሐኪሟ ጉልበታቸውን ጫን ጫን አድርጋ ካየች በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"እብጠት የሚቀንስ ክኒን ልሰጣቸው እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ግን አንጀቱን ለሚያመው ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ መገጣጠሚያው የሚያብጠው ከአንጀት በሽታ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ጠይቂልኝ፤ ተቅማጥ አላቸው? ሰገራቸው ላይ ደም አይተዋል? በቀን ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ?"

አባቴ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። እኔ እኚህ ሰው ፊት እግሬን አነባብሬ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። ሰገራ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

"አባባ፣ ሆድዎ ደህና ነው?" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ምንም ችግር የለባቸውም" አልኳት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለች። አዎ አልኩ። ክኒኑን አዘዘችላቸው።

አራት ቀን ጉልበታቸው ተሻላቸው፤ እኔም ለወንድሜ ጉራዬን ነዛሁበት። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

"ኢመርጀንሲ ነን። ባዝሩም ውስጥ ወድቀው አገኘኋቸው። ደም ነው፣ ብዙ ደም። አሁኑኑ ድራይቭ አድርገሽ ነይ!"

ወደ እነሱ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስደርስ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሪውን በጥፊ መታሁት። አለቀስኩ፣ ጸለይኩ፣ ከፊቴ ያለውን መኪና ሰደብኩ። ከሞቱብኝ የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለማንም ባልናገርስ የሚል ሐሳብም መጣብኝ። አፈርኩበት፣ ግን አልሄደልኝም።

ስደርስ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። "ደም እየሰጧቸው ነው፣ ነቅተዋል" አለኝ። ወደ አልጋቸው ስጠጋ ከመጋረጃው ኋላ የማላውቀው ወንድ በአማርኛ ሲናገር ሰማሁ። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ አስገብቶ ኖሯል። እጄን መጋረጃው ላይ እንዳደረግኩ ቆምኩ።

"አባት፣ ሰገራዎ ላይ ደም ማየት የጀመሩት መቼ ነው?" አላቸው አስተርጓሚው፣ አድራሻ እንደሚጠይቅ ሰው።

"ጉልበቴ ከማበጡም በፊት ነው ልጄ።"

"በቀን ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ?"

"ስምንትም፣ አሥርም።"

"ክኒኑን ያዘዘችልዎት ሐኪም ይህን አልጠየቀችዎትም?"

"አልጠየቀችኝም" አሉ አባቴ። "ብትጠይቀኝ ምን ያሳፍራል? እነግራት ነበር።"

መጋረጃውን ገለጥኩት። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩኝ ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

"ጠይቃ ነበር አባባ" አልኩ። "እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።"

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሥራው ነውና፣ ያልኩትን አንድም ቃል ሳያስቀር ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ነገረው።