የቅሬው ቁልፍ

አሲያ ጎረቤቴ ናት፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አጥራችን አንድ ነው። የእሷን ነገር ሳወራ ያመኛል። እኔ ተሾመችም በእሷ ቤት ላይ ስም ከለጠፉት አንዷ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

አባቷ ጠሃ በሸህ አብዱልሃሚድ ቤት ከባሪያ የተወለዱ ናቸው። የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን ማለቴ ነው፣ ዶማ፣ አካፋና ቃሬዛ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነበር። እስላም ይሙት ክርስቲያን፣ ጉድጓዱን የሚቆፍሩት እሳቸው ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ፊት ለፊት «ባሪያ» ይሏቸው ነበር። ደርግ መጣና ቃሉ ነውር ሆነ፤ «ጓድ ጠሃ» ተባሉ፤ ዶማው ግን ከእጃቸው አልወጣም። ሲሞቱ ቁልፉ ለአሲያ፣ ቁፋሮው ለልጆቿ ተላለፈ። እኛም «የሸህ ቤት ሰዎች» ማለት ጀመርን፤ ጨዋ የሆንን መስሎን። የለውጡ ሰሞን ደግሞ ሥልጠና ላይ ሰንብቶ የመጣ አንድ ሹም «ከእንግዲህ ጥቁር ወገኖቻችን በሉ» አለን። አሲያ ከት ብላ ሳቀች።

«እናንተስ ፈረንጅ ናችሁ?» አለችው።

ጦርነቱ ሲመጣ የቻለ ሁሉ ሸሸ። ልጆቿም እኔም ሄድን፤ እሷ ጉልበቷ እንቢ ብሏት ቀረች። የቅሬው ሊቀ መንበር ሙሐዲን አልጋ ላይ የነበሩ እናቱን ለዘመድ አደራ ብሎ ወጣ። እናቱ በኅዳር ሞቱ። አሲያና ሽማግሌው አያሌው ሁለት ሆነው ቆፍረው ቀበሯቸው።

ስንመለስ የቅሬው መዝገብ ተቃጥሏል። አዲስ ልንከፍት ተሰበሰብን። ሙሐዲን መጀመሪያ ራሱን ጻፈ፤ ቀጥሎ እኔን። አሲያ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ።

«እትዬ አሲያ፣ እንዳይከፋሽ፤ ዘንድሮስ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«የሌላው ምን ተብሎ ተጻፈ?»

«የሌላውማ ስሙና የአባቱ ስም።»

«እኔም አባት አለኝ። ጠሃ ይባላሉ።»

«ድሮ የተመዘገባችሁት በሸህ ቤት ስር ነው። ሽማግሌዎቹ እንዳይቀየሙ ብዬ ነው።»

ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ መዝገቡ ላይ አኖረችው።

«እናትህን ስቀብር የማን ቤት ሰው ናቸው ብዬ አልጠየቅሁም። በየዘመኑ አዲስ ስም ታወጡልናላችሁ፤ ሥራችን ያው ነው። እኔ ስም አላጣሁም። አባቴን ጻፍ። ካልጻፍህ ሬሳችሁን ራሳችሁ ቅበሩ።»

እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ሙሐዲን «አሲያ ጠሃ» ብሎ ጻፈና ቁልፉን ወደ እሷ ገፋ።

«በይ፣ ቁልፍሽን ያዥ።»

«ለምን ሲባል? ስማችን እኩል ከተጻፈ ሥራውም በተራ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ማን ነው?»

ሙሐዲን ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ባለፈው ሳምንት አያሌው ሞቱ። ሙሐዲን ሲቆፍር ውሎ እጁ ውሃ ቋጠረ። አሲያ ዶማና ቃሬዛ ማውጣቱ ቀርቶላት፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። ቀጣዩ ተራ የእኔ ቤት ነው፤ ልጆቼን ነግሬያቸዋለሁ።