በአልበም የመጣ መርዶ

እትዬ የብርጓልን ይጁቤ ውስጥ የማያውቅ ቢኖር ሰው ሞቶበት የማያውቅ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የለም። አክስቴ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ። ሙሾ አውራጅ ናቸው። እሳቸው ያልቆሙበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም፤ የሟቹን ደግነት፣ ኩርፊያውን፣ የበሬዎቹን ስም ሳይቀር በግጥም ያወርዱታል። ዋጋ አይጠይቁም። «ሞት ዙር ነው፤ እኔ ቤት ሲመጣ ታለቅሱልኛላችሁ» ይላሉ።

እኛስ ምን አደረግን? አንድ ልጃቸው ሀይለመለኮት ለንደን ላይ ሲሞት ደበቅናቸው። ሐሳቡ የእኔ፣ የእህታቸው ልጅ የምናለ ነው፤ አልክድም። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፣ የተማርሁ ነኝ ባይ። ደም ግፊት አለባቸው፤ ድንጋጤ ይገድላቸዋል ብዬ ፈራሁ። «ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ድምፁ ጠፍቷል፤ ስልክ ማናገር አይችልም» አልኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ! ሰፈሩም አብሮኝ ዋሸ። እሳቸው ለሌላ ሰው ልጅ ደረታቸውን ሲደልቁ እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ እቆም ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ የሀይለመለኮት ልጅ ሄለን መጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው እንግሊዝ ተወልዳ ያደገች ሙዚቀኛ። አማርኛዋ ይሰባበራል እንጂ ታግባባለች። መነኻሪያ ተቀብያት ወደ ይጁቤ ስንሄድ አባቷ ሲሞት በስልክ እንዳልኋት ሁሉ፣ ስለ እሱ ትንፍሽ እንዳትል ደግሜ አስጠነቀቅኋት።

«ይህ ውሸት ነው» አለች።

«ለእሳቸው አዝነን ነው» አልኋት። በግድ እሺ አለች፤ በአፏም ቃሏን ጠበቀች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ አልበሟ እንደ ወጣ ለአያቷ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አሰሚኝ እንጂ! ከአልቃሽ ዘር ዘፋኝ ቢወጣ ምን ይገርማል?» አሉ እትዬ። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከስልኳ ጋር አገናኝታ ከፈተችው።

እውነቱን ለመናገር አልወደድሁትም። ጊታር ነው ስትሉት ከበሮ ይሆናል፤ ዘፈን ነው ስትሉት እንደ ቅዳሴ ይቀባበላል፤ ደግሞ ድንገት ዘፈኑን ትታ እንደ ተቆጣ ሰው ታወራለች። የቀዳችው ቤቷ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ውኃ ሲፈላ ይሰማል፣ ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማል፣ ድምፅዋ ሲሰበር እንኳ አላረመችውም።

«ይህን ሳታስተካክይ ነው ያወጣሽው?» አልኋት።

«ሆን ብዬ ነው» አለች። ደግነቱ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። እትዬ አንድ ቃል አይገባቸውም ብዬ ልቤ አረፈ። ሞኝ!

አራተኛው ዘፈን ላይ እትዬ ቀና አሉ። ቀኝ እጃቸው ሳያዙት ደረታቸውን መታ መታ ያደርግ ጀመር፤ ከዘፈኑ ጋር፣ በልኩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

«አጥፊው» አሉ። አጠፋችው።

«ይህ ሙሾ ነው። ስድሳ ዓመት የኖርሁበት ነገር አያመልጠኝም። ለማን ነው ያለቀስሽው፣ ልጄ?»

ሄለን እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ልጅቱ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምናለ» አሉኝ።

«አቤት።»

«ጉሮሮው ዳነለት?»

ይወድቃሉ ብዬ ልይዛቸው ተነሣሁ፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው ሄደው በሩን ከፈቱት።

«ውጡልኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዛችሁ፣ በወጉ መጥታችሁ አርዱኝ። የልጄን ሞት እንዲህ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ አልሰማም።»

ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባታቸውንና ጎረቤቱን ይዘን፣ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ሄድን። በሩ ክፍት ነው። መቀነታቸውን አጥብቀው ታጥቀው፣ ቆመው ጠበቁን።

«ተናገር» አሉኝ።

«እትዬ... ሀይለመለኮት ዐርፏል።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ።»

«ጥቅምት...» አሉ። «ያኔ የጎረቤቴን የባዘዘውን እናት አልቅሼ ቀብሬ፣ ቤቴ ገብቼ፣ በልቼ ጠጥቼ ተኛሁ። ልጄ ሞቶ! አይ ምናለ፣ እንዲህ ታደርገኝ?»

እትዬ ሊያለቅሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግጥም አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። ሴቶቹ ሊቀበሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሚቀበሉት ግን የለም።

«ለሰው ሁሉ ነበረኝ፤ ለእሱ ጠፋኝ» አሉና ወደ ሄለን ዞሩ። «ነይ፣ ያንን አምጪው። በማሽን አይደለም፤ በአፍሽ።»

ሄለን መካከል ገብታ ያንኑ አራተኛውን ዘፈን ጀመረች፤ ያለ ጊታር፣ ያለ ከበሮ። የይጁቤ ሴቶች ቃሉ ባይገባቸውም ዜማውን ያዙትና «ወዬ! ወዬ!» እያሉ ተቀበሏት። እትዬም ደረታቸውን መቱ፤ ዕንባቸውም መጣ።

ከሄለን ሌላ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው እንግሊዝኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርሁ። «አባዬ፣ እናትህ አልሰማችም፤ ብቻዬን አልቅሼ አልጨርስህም» ነው የምትለው። ትናንትም ይህንኑ ስትል እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ የሰማሁት ግን ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ብቻ ነው።